የመጨረሻዋ ደረጃ ለምን አጠረች?

መጀመሪያ አናጢው ጣውላውን በሁለት ማስደገፊያዎች ላይ ያጋድመዋል። በመዳፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዳብሰዋል፤ ዓይን የዘለለውን ጉብታ መዳፍ ያገኘዋል። ቀጥሎ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ እንደ አነጣጣሪ ያየዋል፣ መጣመሙን ለማወቅ። ቀጥ ያለ ከሆነ ሌላውን ዓይን ጨፍኖ ይደግመዋል፤ የመጀመሪያው ዓይን ዋሽቶት ሊሆን ይችላላ። ከዚያ ከደረት ኪሱ ልክ እንጨቱን ያወጣል። ልክ እንጨት የሚላት የአንድ ደረጃ ከፍታ ያህል የተቆረጠች፣ አሥራ ሰባት ሴንቲ ሜትር የሆነች ቁራጭ ናት። ከጣውላው ግርጌ ያስቀምጣታል፣ በአውራ ጣቱ ይጫናታል፣ በአናቷ ላይ በወፍራሙ የአናጢ እርሳስ መስመር ይስባል። ያነሳታል፣ ከመስመሩ በላይ ያስቀምጣታል፣ ይጫናል፣ ይስባል። ያነሳል፣ ያስቀምጣል፣ ይጫናል፣ ይስባል። እንዲህ እያለ እስከ ላይ ይዘልቃል። በየመስመሩ ላይ በኋላ አንድ አንድ መርገጫ ይቀመጣል፤ ሰውም ይረግጠዋል።

ያኔ ደረጃ የሚሠራው እንዲህ ነበር። ከጎኑ ቆሞ ያየ ሁሉ እጁን ያደንቅ ነበር እንጂ ስህተት አያገኝበትም።

ሰፈሩ «ውሃ ልኩ» ይለዋል። ከኋላ ኪሱ ውሃ ልክ ጠፍቶ ስለማያውቅ ነው። ሰው ቤት ሲጋበዝ ከመቀመጡ በፊት ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ አረፋዋ መሃል መቆሟን ያያል። በሠርጉ ቀን እንኳ የሙሽሮቹ ጠረጴዛ ዘንበል ብሏል ብሎ ከአንዱ እግር ስር ካርቶን አጥፎ ሲወሽቅ ሚስቱ ብቻዋን ፎቶ ተነሳች። አዲስ ሜትር ሲገዛ ከአሮጌው ጋር ያስተያያል፤ ሁለቱ ከተለያዩ ሦስተኛ ይዋሳል። እንጨት ሻጭ «ደረቅ ነው» ካለው ያሸተዋል፣ ያንኳኳዋል፣ ከዚያም ጆሮውን ይለጥፍበታል። ሚስቱ «አንተ እኮ ጥላህንም መታወቂያ ትጠይቀዋለህ» ትለዋለች። እሱ መልሱ አንድ ነው፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ይህ ጠባይ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ሥራ ያስተማረው አጎቱ ሰው አማኝ ነበር። እርጥብ እንጨት በደረቅ ስም ተሽጦለት የሠራው ጣሪያ ከከረመ በኋላ ተጣመመ፤ ቆርቆሮው አፉን ከፈተ። ሻጩ «የአናጢው ጥፋት ነው» አለ፤ ሰዉም ሻጩን አመነ። አጎትዬው ከዚያ በኋላ ጣሪያ የሚያሠራው አላገኘም፤ እስኪሞት ድረስ በርጩማ ሲሠራ ኖረ። ውሃ ልኩ መጋዝ ከመያዙ በፊት የተማረው ይህንን ነው።

ትምህርት ቤትም የሄደው በዚሁ ጠባዩ ነው። የሂሳብ አስተማሪው አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ፣ የአባት ዕድሜ የልጁን ሦስት እጥፍ ነው፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ግን እጥፉ ብቻ ይሆናል፣ የልጁ ዕድሜ ስንት ነው፣ ብሎ ጻፈ። ውሃ ልኩ እጁን አወጣና «ልጁ አባቱን ለምን አይጠይቅም?» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እሱ ክፍለ ጊዜውን ውጭ ቆሞ ጨረሰ። ይሁን እንጂ አልጀብራ አላስጠላውም። አስተማሪው በዚያች ኤክስ ውስጥ አንድ ነገር ደብቆብናል ብሎ ስለጠረጠረ እያንዳንዱን ጥያቄ ሁለት ጊዜ ይሠራ ነበር። አጎቱ ጋ ሥራ ሲገባ ደብተሩን ዘጋ። ከዚያ ወዲህ ኤክስ የምትባል ነገር በበሩ አላለፈችም፤ እሱም አልናፈቃትም።

በሕይወቱ ሳይለካ ያመነው ነገር ቢኖር አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ እሱም የአማቹ ወለል።

አማቹ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው። ሲጋቡ ገና ቁምጣ ለባሽ ስለነበር ያደገው እነሱ ቤት ነው። አናጢ ሊያደርገው ሞክሮ ነበር፤ ልጁ ግን ሰጋቱራ ሲሸተው ማስነጠሱን አያቆምም፤ ስለዚህ ወደ ሴራሚክ ንጣፍ ዞረ። አሁን እዚያው ግቢ፣ ከጓሮ ባለችው ክፍል ይኖራል። ጥሩ ሠሪ ነው፤ ችግሩ አይናገርም። ቀኑን ሙሉ አብሮት የዋለ ሰው ከአንደበቱ ሦስት ዐረፍተ ነገር ከሰማ ወግ አገኘሁ ይላል።

ሁለቱ በአንድ ቤት ላይ ሲሠሩ ውላቸው አጭር ነው፤ «አራት ሴንቲ»። አናጢው ደረጃውን የሚተክለው የላይኛው ፎቅ ገና ባዶ ኮንክሪት እያለ ነው። ወለሉ በኋላ ሦስት ሴንቲ የሲሚንቶ ልውስ፣ አንድ ሴንቲ ሴራሚክ ይለብሳል። ስለዚህ አናጢው «ወለሉ አራት ሴንቲ ከፍ ይላል» ብሎ አስልቶ ደረጃውን ይሠራል፣ ይሄዳል። ነጣፊው አራቱን ካልጠበቀ የመጨረሻዋ ደረጃ ከእህቶቿ ታጥራለች ወይም ትረዝማለች። እግር ደግሞ ሞኝ አይደለም። አንዱን ደረጃ ከረገጠ ሁሉንም እንደዚያ ይጠብቃል፤ አንዷ ከተለየች ይደናገጣል።

ነገሩ የጀመረው ፋርማሲ ያላት ሴት ደውላ ስትጠራው ነው። ደረጃውን ከሠራላት ቆይቷል። እናቷ ከላይ ወደ ታች ሲወርዱ ገና መጀመሪያው ላይ እግራቸው ስቶ ወድቀዋል፤ የእጃቸው አንጓ ተሰብሯል። ሴትዮዋ አልጮኸችም፤ «መጥተህ ብታየው ይሻላል» ብቻ አለች። እንዲህ ያለ ጨዋ ድምፅ ከጩኸት ይከብዳል።

ሄደና ለካ። ከመሃል አንዷን ሲለካ አሥራ ሰባት፤ ምናልባት አንዲት ፀጉር ፈቀቅ ያለች ነች፤ ቫርኒሹ ነው ብሎ ተዋት። የመጨረሻዋን፣ ከላይኛው መርገጫ እስከ ሴራሚኩ ያለችውን ሲለካ ግን ከአሥራ ሰባት አሥራ ሁለት ሚሊ ሜትር ትጎድላለች። ሜትሩን አገላብጦ ደገመ። ያው ነው። እናትየው ሶፋ ላይ እጃቸውን በፋሻ አንጠልጥለው ያዩታል። «ልጄ፣ እኔ አርጅቼ ነው ወይስ ደረጃው?» አሉት። ደረጃው መሆኑን ነገራቸውና ጥፋቱ የማን እንደሆነ በቅርቡ እንደሚታወቅ ጨመረበት።

ለእሱ ግን የታወቀ ነበር። ወለሉ ዝቅ ብሎ ነው፤ ወለሉ ዝቅ ያለው ልውሱ ቀጥኖ ነው፤ ልውሱ የቀጠነው ሲሚንቶ ተቆጥቦ ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ማስታወስ ጀመረ፤ ጠርጣሪ ሰው ማስታወስ ሲጀምር ደግሞ ትዝታው ሁሉ ምስክር ይሆናል። ያን ሰሞን ከመንገድ ማዶ ሆኖ አማቹን በዚህችው ቤት በር ላይ ግማሽ ከረጢት ሲሚንቶ ተሸክሞ አይቶት ነበር። ያኔ «ምን ይሠራል?» ብሎ አልፎታል። አሁን ተገለጠለት፤ ሲያወጣ ነው! ደግሞስ ያ ዝምታው? ደህና ሰው እንዲህ ዝም ይላል? ደግሞስ በቅርቡ የዕቃ ከረጢቱን ከወርክሾፑ አውጥቶ ጓሮ የወሰደው ለምንድን ነው?

የከፋው ጊዜው ነው። አንድ ተቋራጭ አዲስ የሚሠራ ትልቅ ትምህርት ቤት ደረጃዎች ለውሃ ልኩ ሰጥቶት፣ «የወለል ሰውህ ማን ነው? እስከ ቅዳሜ ስሙን ንገረኝ» ብሎት ነበር። እስከዚያ ቀን መልሱ ያለቀ ነበር። አሁን ግን ሌላ ነጣፊ ሊፈልግ ወሰነ። ልጅ ብሎ ያሳደገውን ሰው ከሥራ ሊያስወጣ፣ በአንድ ግቢ እየኖሩ ሰላምታ ሊያቆም ነው ማለት ነው። ይህንን ያውቀዋል። ተማሪ ከሚወድቅ ግን ቤተሰብ ይቀየም፤ እንዲህ ነበር ያሰበው።

ለሚስቱ የነገራት ከሰዓት በኋላ ከስፌት መኪናዋ ፊት ቆሞ ነው። ልብስ ሰፊ ናት፤ ሳሎኑ ግማሹ የሷ ሥራ ቤት ነው። እግሯን ከፔዳሉ ሳታነሳ አዳመጠችው። ሲጨርስ መኪናውን አቆመች።

«ጠየቅከው?»

አልጠየቀም። ሌባ «ሰርቄያለሁ» ብሎ አያውቅም፤ ስለዚህ መጠየቅ ምን ይፈይዳል?

«አንተ ሰውዬ፣ እዚያ ደረጃ ላይ የሁለት ሰው እጅ አለ። ጥፋቱን ጠቅልለህ ለአንዱ ሰጠኸው።»

የእሱ እጅ ልክ እንጨት እንዳለው አስታወሳት። እሷ ደግሞ የሱሪ ነገር አመጣችበት። ደንበኞቿ ልብስ ሲያጥርባቸው ሁልጊዜ «ሰፊዋ አሳጠረችው» ይላሉ። አንድ ሱሪ ብቻ ካየህ፣ አለችው፣ ማን እንዳሳጠረው አታውቅም። መቀሷ ስታ ከሆነ ረጅሙም አጭሩም እኩል ያጥራሉ፤ መቀስ የሚስተው አንዴ ነው። ጨርቁ ታጥቦ ተኮማትሮ ከሆነ ግን ረጅሙ ሱሪ ብዙ፣ አጭሩ ትንሽ ያጥራል፤ ምክንያቱም የተኮማተረው በየስንዝሩ ነው። ስለዚህ እሷ ከመጨቃጨቋ በፊት ሁለት ልብስ ታስመጣለች፣ አንድ ረጅም፣ አንድ አጭር።

«አንተም ሁለት የማታውቀው ነገር አለህ» አለችው። «አንዱ ወለሉ የጎደለው ነው፣ ዋይ በለው። ሌላው በየመርገጫው የምትሳሳተው ነው፣ ኤክስ በለው። ሁለት ያልታወቀ ነገር በአንድ ኢኩዌሽን አይፈታም። ሌላ ደረጃ ሂድና ለካ።»

የእሱ ኤክስ ዜሮ እንደሆነች ነገራት።

«ዜሮ ከሆነች ዜሮ ብላ ትወጣለቻ። ምን አስፈራህ?»

እዚህ ላይ ሌላ ጥርጣሬ ገባው። የምትናገረው የተከሳሹ እህት ናት። ዘመድ ለዘመዱ ኤክስም ይቆጥርለታል። ይህንንም ሳይደብቅ ነገራት። ሚስቱ ሳቀች፤ የሳቀችው ግን ደስ ብሏት አይደለም።

«እኔን ካላመንክ ራስህ ሥራው። አልጀብራ እኮ ሰው ለማይጠይቅ ሰው የተሠራ ነገር ነው» አለችና መኪናዋን አስነሳች።

በማግሥቱ ጠዋት ወደ አንድ ፎቶ ቤት ሄደ። እዚያም ደረጃውን እሱ፣ የላዩን ወለል አማቹ ነበር የሠሩት፤ ደረጃው አጭር ነው፣ ወደ ግማሽ ፎቅ ብቻ የሚያወጣ። መርገጫዎቹ አሥራ አንድ ናቸው፤ የፋርማሲዋ ባለቤት ቤት ግን አሥራ ስምንት። መንገድ ላይ ሳለ ውጤቱን ለራሱ አስቀድሞ ነግሮት ነበር። አማቹ ልውሱን የሚያነጥፈው በአንዲት መሪ ጣውላ ነው፤ ጣውላዋን ወለሉ ላይ አስቀምጦ እስከ አናቷ ይሞላል፣ ይደመድማል። ለሁሉም ቤት ያችው አንዲት ጣውላ ናት። ስለዚህ ጥፋቱ የወለል ከሆነ እዚህም አሥራ ሁለት ሚሊ መጉደል አለበት።

አምስት ሆነ።

ፎቶ አንሺውን ጠርቶ ደረጃውን የነካው ሰው እንዳለ፣ ወለሉን ያሳደሰ እንደሆነ፣ መርገጫ ያስቀየረ እንደሆነ አከታትሎ ጠየቀው። ሰውየው ፍርድ ቤት የቀረበ መሰለው። ማንም አልነካውም። ውሃ ልኩ አመሰገነና ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ከዕቃ ሣጥኑ የጣውላ ቁራጭ አወጣና ከትምህርት ቤት ወዲህ ያልጻፈውን ጻፈ።

18 ኤክስ + ዋይ = 12
11 ኤክስ + ዋይ = 5

ከላይኛው የታችኛውን ቀነሰ። ዋይ ከዋይ ጋር ተጣፋ፤ ይህንን አስታወሰ፣ ያኔም ቢሆን ደስ የሚለው ቦታ ይህ ነበር። ሰባት ኤክስ እኩል ሰባት ቀረ። ኤክስ አንድ ናት፤ ዜሮ አይደለችም። በየመርገጫው አንድ ሚሊ ሜትር። አንድን በኤክስ ቦታ ታችኛው መስመር ላይ አስገባ። አሥራ አንድ ሲደመር ዋይ እኩል ይሆናል አምስት። ዋይ ኔጌቲቭ ስድስት።

ጥርጣሬው መጀመሪያ ያረፈው ስሌቱ ላይ ነው። ወለል ኔጌቲቭ ስድስት እንዴት ይጎድላል? በመላጊያ ፍቆ ቁጥሮቹን አጠፋና እንደገና ሠራው። ያው ወጣ። ወደ ላይ ወጥቶ እንደገና ለካ፤ ያው አምስት። እንደገና ተቀመጠ። ዋይን የሰየማት «ወለሉ የጎደለው» ብሎ ነው። የጎደለው ኔጌቲቭ ከሆነ አልጎደለም ማለት ነው፤ ተርፏል። ወለሉ ከውላቸው ስድስት ሚሊ ከፍ ብሏል። አማቹ ሲሚንቶ አልቀነሰም፤ ጨምሯል።

ኤክስስ? ከኪሱ ልክ እንጨቱን አወጣ፤ አሥራ ሰባት ሴንቲ፣ ልክ ናት። ጣውላው ላይ አስቀመጣት፣ ተጫነ፣ መስመር ሳበ። ከዚያ ልክ እንጨቷን ከመስመሩ በላይ ሊያስቀምጥ ሲል እጁ ቆመ። መስመሩን በሜትር ለካው። ወፍራሙ የአናጢ እርሳስ የሳበው መስመር ራሱ አንድ ሚሊ ስፋት አለው። ልክ እንጨቷን ከመስመሩ በላይ ባስቀመጠ ቁጥር የመስመሩን ውፍረት ደረጃው ላይ ይጨምራል፤ አንዷ ብትለካ ቫርኒሽ የምትመስል፣ አሥራ ስምንቷ ግን ሰው የምትጥል። ድሮ በወስፌ ጫፍ ነበር የሚጭረው፤ የወስፌ ጭረት ውፍረት የለውም። ዓይኑ ጭረቱን ማየት ሲቸግረው ነው ወደ እርሳስ የዞረው። ያኔ ይህን ለማንም አልተናገረም፤ ለራሱም ጭምር።

ጥፋቱን አገኘ። ዕረፍት ግን አላገኘም፤ አሁን ደግሞ ሌላ ዓይነት ጥርጣሬ ይዞት ተነሳ። ሰው ክፉ ሲሠራ መደበቁ ይገባዋል። በድብቅ ወለል ከፍ የሚያደርግ ሰው ግን ምን ፈልጎ ነው?

ግቢ ሲደርስ አማቹ አልነበረም። የዕቃ ከረጢቱ ጓሮ፣ ከግድግዳው ተለጥፋ በተሠራችው ዳስ ስር ተቀምጧል። ውሃ ልኩ ግራ ቀኙን አየና ከረጢቱን ፈታ። መሪ ጣውላዋን መዞ አወጣ። ሦስት ሴንቲ መሆን ያለባት ጣውላ ሦስት ሴንቲ ከስድስት ሚሊ ናት። ገለበጣት። ከስር ቀጭን ኮምፔንሳቶ በኮላ ተለጥፎባታል፤ ጠርዙ ሳይቀር በብርጭቆ ወረቀት ተስተካክሏል። አለጣጠፉ ያማረ ነበር፤ ይህም አናደደው።

«ጋሼ፣ የጠፋብህ ነገር አለ?»

አማቹ ከኋላው ቆሟል፣ ባልዲውን እንደያዘ። ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጣል፤ ውሃ ልኩ ግን ጣውላዋን ከፍ አድርጎ አሳየው።

«ይቺ ሦስት ሴንቲ መሆን አልነበረባትም?»

«ነበረባት።»

«ሦስት ከስድስት ሚሊ ናት።»

«ናት።»

«ማን ለጠፈባት?»

«እኔ ነኛ። ኮምፔንሳቶው ያንተ ነው፤ ከቁርጥራጭህ ላይ አንስቼ።»

«እንግዲያው ሰርቀሃል» አለ ውሃ ልኩ። ከሁሉም ክሱ የቀረችው ይህች ብቻ ነበረች፤ ሊለቃት አልፈለገም።

አማቹ ባልዲውን አስቀምጦ ተቀመጠ፤ የዚያን ቀን የወራት ንግግሩን አንድ ላይ ተናገረ። ወለል ሲጨርስ ሁልጊዜ ደረጃውን ወጥቶ ወርዶ በእግሩ ይፈትሻል። ከአንድ ሰሞን ወዲህ የመጨረሻዋ ደረጃ ለእግሩ ቶሎ መድረስ ጀመረች፤ ረጅም ደረጃ ላይ ይብሳል። ምክንያቱን አላወቀም፣ ግን ወለሉ ከፍ ካለ እንደሚሻል ገባው። ሲሚንቶው ስለማይበቃ ከሌላ ሥራ የተረፈውን ግማሽ ከረጢት ተሸክሞ ወደ ፋርማሲዋ ባለቤት ቤት አስገባ። ያቺ ከመንገድ ማዶ የታየችው ከረጢት እየገባች ነበር። የዕቃ ከረጢቱ ደግሞ ጓሮ የሄደው ከሰጋቱራው ለመሸሽ ነው።

«ለምን ስድስት ብቻ?»

«በሮቹ ተገጥመዋላ። ከዚያ ካለፍኩ በር ወለሉን ይፍቃል፣ አይከፈትም።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ነግሬሃለሁ።»

እውነቱን ነው። መጀመሪያ ሰሞን «ጋሼ፣ የላይኛዋ ትንሽ ጠበብ አለች መሰለኝ» ብሎት ነበር። ውሃ ልኩ «የራስህን ሲሚንቶ ተመልከት» ብሎ መልሶለት ለብዙ ቀን አኩርፎታል። አማቹ ከዚያ የተማረው ዝም ብሎ ማስተካከልን ነው።

«ደግሞ እኔ ዓይንህ ደክሞ ነው ብዬ ነው» አለ፣ ወደ ባልዲው እያየ። «ዓይንህ ደከመ ብሎ ማን ይነግርሃል? እህቴም አልደፈረችም።»

ውሃ ልኩ ሄዶ ጣውላ አመጣ። እዚያው መሬት ላይ ሁለቱም ተንበርክከው በልክ እንጨቷና በእርሳሱ አሥራ ስምንት ጊዜ ምልክት አደረጉ፤ ከዚያ በሜትር ጠቅላላውን ለኩ። አሥራ ስምንት ሚሊ ተርፏል። አማቹ የእናትየውን መውደቅ ከእህቱ ሰምቷል፤ እርሳሱን ተቀብሎ ጫፉን አየ።

«ይቺ ናት አሮጊቷን የጣለቻቸው?»

«እሷም፣ እኔም፣ ያንተም አፍ» አለ ውሃ ልኩ። «ነካ አድርገኸው ዝም ባትል ኖሮ ቀድሜ አውቀው ነበር። የሸፈንክልኝ ስድስት ሚሊ ባትኖር አሥራ ስምንቱ ፊቴ ላይ ይጮህ ነበር።»

አማቹ ይህንን አልካደም። አስቦበት፣ አሥራ ስምንት ሆኖ ቢቀር ኖሮ እሳቸውን አንጓቸውን ብቻ ሰብሮ አይተዋቸውም ነበር አለ። ማንኛቸው ልክ እንደሆነ እስከዛሬ አልተስማሙም። ኮምፔንሳቶዋ ግን የዚያኑ ቀን ከመሪ ጣውላዋ ተላቃ ወጣች፤ ያላቀቃት ውሃ ልኩ ነው፣ የቀረውን ሦስት ሴንቲ ለካና መለሰለት። ለማረጋገጥ ሌላም ጊዜ ለካው፤ አማቹም ልክ እንጨቷን ተቀብሎ በራሱ ሜትር ለካት። እርስ በርስ መለካካት የጀመሩት ያን ቀን ነው።

ከዚያ እዚያው ሆኖ ለተቋራጩ ደወለ። «የወለሉ ሰው የኔው ነው» አለው። «የኔን ደረጃ ግን ሳትለካ እንዳትቀበለኝ።» ተቋራጩ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ውሃ ልኩ አልሳቀም፤ ስልኩን ሲዘጋ፣ ይሄ ሰውዬ የሚስቀው ለምንድን ነው ብሎ አማቹን ጠየቀው።

ወደ ፋርማሲዋ ባለቤት ቤት ተመልሶ መርገጫዎቹን አንድ በአንድ አወለቀ። መቀመጫቸውን በመላጊያና በመሮ አሳነሰ፣ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እየጨመረ፣ ጉድለቱ ለሁሉም እንዲከፋፈል። ከሥራው በፊት ለእናትየው ጥፋቱ የማን እንደሆነ ነገራቸው፤ ቀድሞ ሌላ ሰው ላይ ጣቱን ቀስሮ እንደነበርም። ሲጨርስ አሮጊቷ ደህናውን እጃቸውን መደገፊያው ላይ አድርገው ወጡ፣ ወረዱ፣ እንደገና ወጡ። «አሁን ልክ ነው» አሉ ከላይ ሆነው፤ «ግን ገና አላመንኩህም።» ውሃ ልኩ ስለ እሳቸው ሲያወራ እስከዛሬ ድረስ በአክብሮት ነው።

አሁን ምልክት የሚያደርገው በሌላ መንገድ ነው። ልክ እንጨቷን ከቀድሞው መስመር በላይ አያስቀምጣትም፤ ሜትሩን ከግርጌ ዘርግቶ ሁሉንም ከዜሮ ይቆጥራል፣ አሥራ ሰባት፣ ሠላሳ አራት፣ ሃምሳ አንድ፣ እያለ። እንዲህ ከሆነ የመስመር ውፍረት አይጠራቀምም። መነጽርም አሠርቷል። የሠራለትን ባለሙያ ግን አላመነውም፤ ሁለተኛ ጋ ሄዶ አስመርምሯል።

የቀረው ጭንቀቱ አንድ ነው። በእርሳስ መሥራት ከጀመረ ወዲህ ስንት ቤት ደረጃ እንደተከለ አያውቅም። መዝግቦ የሚይዝ ሰው አልነበረም። ግማሾቹ ቤቶች ተሽጠዋል፣ ግማሾቹን ተከራይ ይዟቸዋል፣ የአንዳንዶቹን በር ረስቶታል። አሮጊት፣ ነፍሰ ጡር፣ ዕቃ የተሸከመ ሰው በነዚያ ደረጃዎች ላይ አሁንም ይወጣል፣ ይወርዳል። ይህ ታሪክ እንዲጻፍ የፈቀደውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ለአንባቢ እንዲደርስለት የጠየቀውም ይህንን ነው፦

«ቤታችሁ የእንጨት ደረጃ ካለ ጎንበስ ብላችሁ የታችኛዋን መርገጫ ከስር ዳብሱ። በመሮ የተነቀሱ ሦስት አጫጭር ጭረቶች ካገኛችሁ የኔ ሥራ ናት። ያን ጊዜ የመጨረሻዋን ደረጃ ከፍታ ለኩ፤ ከመሃልም አንዷን ለኩ። ከዚያ መርገጫዎቹን ቁጠሩ። እባካችሁ ሦስቱንም ቁጥር ላኩልኝ። ‹አጭር ናት› ብቻ ብትሉኝ አላምናችሁም። እኔ እስክመጣ ድረስ ደግሞ ወለሉን ከሠራው ሰው ጋር እንዳትጣሉ፤ መደገፊያውንም ይዛችሁ ውረዱ።»